ከታችኛው ዲቪዚዮን ተከላካይነት እስከ ፕሪሚየር ሊግ አሰልጣኝነት፦ ስለ ቶኒ ፑሊስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ዌልሳዊው ቶኒ ፑሊስ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግን በሚከታተሉ ሰዎች ዘንድ ስሙ የሚነሣው በአብዛኛው ከረዥም የእጅ ውርወራ፣ ከግዙፍ ተከላካዮችና ከማይወርድ ቡድን ጋር ተያይዞ ነው። እነዚህ ነገሮች ከየት እንደ መጡ ለመረዳት ሰውዬው ተጫዋች ሆኖ ያደገበትን፣ ክለቦች ለደመወዝ የሚሆን ገንዘብ የሚቸገሩበትን የታችኛውን ዲቪዚዮን ዓለም ማወቅ ያስፈልጋል። የሚከተሉት መልሶች በዚሁ መንገድ የተዘጋጁ ሲሆን፣ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቶኒ ፑሊስ ማን ነው?

ሙሉ ስሙ አንተኒ ሪቻርድ ፑሊስ ነው። ጃንዋሪ 16 ቀን 1958 በደቡብ ዌልስ በምትገኘው የወደብና የብረታ ብረት ከተማ በኒውፖርት፣ ፒልግዌንሊ በሚባለው የወደብ ሰፈር ተወለደ። በተጫዋችነት ዘመኑ የአገሪቱን ከፍተኛ ሊግ አንድም ቀን ሳይረግጥ ጫማውን የሰቀለ፣ በአሰልጣኝነት ግን ከ1,000 በላይ ጨዋታዎችን የመራና በ2013/14 የፕሪሚየር ሊጉ የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ ተብሎ የተሸለመ ሰው ነው።

ዌልሳዊ ሆኖ ሳለ መላ ሕይወቱን በእንግሊዝ ሊግ ያሳለፈው ለምንድን ነው?

ዌልስ የራሷ ብሔራዊ ቡድንና የራሷ ፌዴሬሽን ያላት አገር ብትሆንም፣ እንደ ካርዲፍ ሲቲ፣ ስዋንሲ ሲቲ፣ ሬክሰምና ኒውፖርት ካውንቲ ያሉ ትላልቅ ክለቦቿ ከጥንት ጀምሮ የሚወዳደሩት በእንግሊዝ የሊግ መዋቅር ውስጥ ነው። ስለዚህ ለደቡብ ዌልስ ልጅ ወደ ብሪስቶል ተሻግሮ መጫወት እንደ ስደት የሚቆጠር ነገር አይደለም፤ ኒውፖርትና ብሪስቶል በሰቨርን ወንዝ አፍ ግራና ቀኝ ያሉ ጎረቤት ከተሞች ናቸው።

በተጫዋችነት የት የት ነበር?

ፑሊስ ተከላካይ ነበር። በ1975 በብሪስቶል ሮቨርስ ጀምሮ፣ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ለአጭር ጊዜ ወደ ሆንግ ኮንግ ተጉዞ ለሃፒ ቫሊ ከተጫወተ በኋላ እንደገና ወደ ሮቨርስ ተመለሰ። በ1984 ወደ ተወለደበት ከተማ ክለብ ወደ ኒውፖርት ካውንቲ፣ በ1986 ደግሞ ወደ ቦርንማውዝ ተዛወረ። ከዚያም በጊሊንግሃም አንድ የውድድር ዘመን ቆይቶ ወደ ቦርንማውዝ በመመለስ በ1992 የተጫዋችነት ሕይወቱን እዚያው ዘጋ።

በነዚህ ዓመታት ወደ 300 የሚጠጉ የሊግ ጨዋታዎችን ሲያደርግ፣ ሁሉም ከሁለተኛው እስከ አራተኛው እርከን ባሉ ሊጎች ውስጥ ነበሩ። ያገባቸው ግቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሥራው ማስቆም እንጂ ማግባት አልነበረምና። በዚያ ዘመን በታችኛው ዲቪዚዮን የሚጫወት ተከላካይ ኳስን ከአደጋ ክልል ማራቅን፣ ከአጥቂ ጋር በአየር ላይ መታገልንና ክረምት ላይ ወደ ጭቃነት በሚለወጥ ሜዳ ላይ ዘጠና ደቂቃ መቆምን እንደ ዋና ሙያው ይማር ነበር።

የኒውፖርት ካውንቲ ታሪክ እዚህ ላይ መጠቀስ ይገባዋል። ፑሊስ በነበረበት ጊዜ በሦስተኛው ዲቪዚዮን የነበረው ክለብ፣ እሱ ከለቀቀ ከሁለት ዓመት በኋላ በ1988 ከፉትቦል ሊጉ ጨርሶ ወረደ፤ በ1989 ደግሞ ዕዳውን መክፈል አቅቶት ፈረሰ። ደጋፊዎቹ እንደገና አቋቁመውት ወደ ፉትቦል ሊጉ የተመለሰው በ2013 ነው። መውረድ ማለት ለትልቅ ክለብ ውርደት ሊሆን ይችላል፤ ለትንሽ ክለብ ግን የሠራተኛው እንጀራና የከተማው ክለብ ህልውና ነው። ፑሊስ በአሰልጣኝነት ዘመኑ ሁሉ መውረድን እንደዚያ አምርሮ የታገለው ይህን በቅርብ ያየ ሰው ስለሆነ ነው ብሎ ማሰብ ስሕተት አይመስለኝም።

ወደ አሰልጣኝነት የገባው እንዴት ነው?

ብዙ ተጫዋቾች ስለ አሰልጣኝነት ማሰብ የሚጀምሩት ጉልበታቸው ሲከዳቸው ነው። ፑሊስ ግን የመጀመሪያውን የአሰልጣኝነት የምስክር ወረቀት የያዘው ገና በ19 ዓመቱ ሲሆን፣ በ21 ዓመቱ ደግሞ የአውሮፓ እግር ኳስ ማኅበር የሚሰጠውን የ‘ኤ’ ደረጃ ፈቃድ አገኘ። በዚያ ዕድሜ እዚህ ደረጃ ላይ የደረሱ ተጫዋቾች እጅግ ጥቂት ናቸው።

ትልቁን ትምህርት ያገኘው በቦርንማውዝ በሃሪ ሬድናፕ ሥር ነው። ክለቡ በ1986/87 በ97 ነጥብ የሦስተኛው ዲቪዚዮን ሻምፒዮን ሲሆን ፑሊስ በተጫዋችነት ነበረበት፤ ወደ ማብቂያው ላይ ደግሞ ከሬድናፕ ጎን ቆሞ ማሠልጠን ጀመረ። በ1992 ሬድናፕ ወደ ዌስትሃም ሲሄድ ሥራው ለእሱ ተሰጠው። ገንዘብ በሌለው ክለብ ሁለት የውድድር ዘመን አሠልጥኖ ሁለቱንም ጊዜ 17ኛ ሆኖ ጨረሰና በ1994 ተሰናበተ። ጅማሬው ይኸው ነበር፤ የሚያኮራም የሚያሳፍርም አልነበረም።

ስሙን መጀመሪያ ያስጠራው የትኛው ሥራው ነው?

ጊሊንግሃም ነው። በ1995 የኬንቱ ክለብ በዕዳ ተዘፍቆ በአስተዳዳሪዎች እጅ ከወደቀ በኋላ ፖል ስካሊ ገዛውና በዚያው በጋ ፑሊስን ሾመው። በወቅቱ በአራተኛው እርከን ግርጌ አካባቢ ሲዳክር የነበረው ቡድን በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ሆኖ አደገ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በ46 የሊግ ጨዋታዎች የተቆጠሩበት ግቦች 20 ብቻ መሆናቸው ነው። ግዙፉ ግብ ጠባቂ ጂም ስታናርድ በ29 ጨዋታዎች መረቡን ሳያስደፍር ወጣ።

ፑሊስ በኋላ የሠራቸው ቡድኖች ሁሉ ዘር ያለው እዚህ ነው። ቡድኑ ብዙ አያገባም ነበር፤ የሚያገባት አንዲት ግብ ግን አብዛኛውን ጊዜ ትበቃው ነበር።

በ1999 በዌምብሌይ ምን ተፈጠረ?

ሜይ 30 ቀን 1999 ጊሊንግሃም ወደ ሁለተኛው እርከን ለማደግ በሚደረገው የማሟያ ፍጻሜ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ገጠመ። የዛሬውን ሲቲ ብቻ የሚያውቅ አንባቢ ሊያስተውለው የሚገባው፣ ክለቡ በዚያ ዓመት በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ በሦስተኛው እርከን ውስጥ ይገኝ የነበረ መሆኑን ነው።

ጨዋታው 81ኛው ደቂቃ ድረስ ያለ ግብ ቆየ። ከዚያ ካርል አሳባ አገባ፤ በ87ኛው ደቂቃ ደግሞ ሮበርት ቴይለር ሁለተኛውን ጨመረ። በሺዎች የሚቆጠሩ የሲቲ ደጋፊዎች ተስፋ ቆርጠው ስታዲየሙን ለቅቀው መውጣት ጀመሩ። በ90ኛው ደቂቃ ኬቨን ሆርሎክ አንዷን መለሰ፤ ዳኛው ማርክ ሃልሲ አምስት ደቂቃ ጨመረ፤ በዚያ በተጨመረው ጊዜ ማብቂያ ላይ ፖል ዲኮቭ ኳሷን ወደ መረቡ ጣሪያ መትቶ አቻ አደረገ። የተጨማሪው ሰዓት ሠላሳ ደቂቃ ምንም ሳያመጣ አለፈና ሲቲ በፍጹም ቅጣት ምት 3 ለ 1 አሸነፈ። ዲኮቭ ያገባበት የጊሊንግሃም ግብ ጠባቂ ቪንስ ባርትራም በዲኮቭ ሠርግ ላይ ዋና ሚዜው የነበረ የልብ ወዳጁ መሆኑ የዚያን ቀን ጨዋታ ይበልጥ የማይረሳ ያደርገዋል።

ስለ ሲቲ ትንሣኤ ሲወራ ያ ቀን ሁልጊዜ ይነሣል። በሌላው ወገን የነበረው አሰልጣኝ ግን እጁ የገባ ድል በደቂቃዎች ውስጥ ሲያመልጠው የቆመ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ ከክለቡ ሊቀመንበር ጋር ያለው ግንኙነት ተበላሽቶ ከጊሊንግሃም ተሰናበተ። እሱ የገነባው ቡድን በዓመቱ በፒተር ቴይለር መሪነት በዚያው በዌምብሌይ ዊጋንን አሸንፎ አደገ።

ከዚያ በኋላስ?

በብሪስቶል ሲቲና በፖርትስማውዝ አጫጭርና ያልተሳኩ ቆይታዎች አደረገ። በ2000 መገባደጃ ሥራ አጥ ነበር፤ ቀጣዩን ክለብ ያገኘውም ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ከስቶክ ሲቲ ጋር ያለው ታሪክ ለምን እንደዚህ ትልቅ ቦታ ተሰጠው?

ምክንያቱም ከአሥር ዓመት በላይ የፈጀ፣ በመካከሉም በስንብት የተቋረጠ ታሪክ ስለሆነ ነው። ፑሊስ ወደ ስቶክ የመጣው በኖቬምበር 2002፣ ክለቡ በአይስላንዳውያን ባለሀብቶች እጅ ሆኖ ከሁለተኛው እርከን ላለመውረድ ሲታገል ነው። በመጨረሻው ቀን አዴ አኪንቢዪ ባስቆጠረው ግብ ሬዲንግን 1 ለ 0 አሸንፎ ተረፈ። በ2005 ግን ባለቤቶቹ የውጭ ተጫዋቾችን ገበያ በሚገባ አልተጠቀምህም በማለት አሰናበቱት።

በፕሊማውዝ አርጋይል አንድ የውድድር ዘመን አሳልፎ ቡድኑን 14ኛ አድርጎ ካስጨረሰ በኋላ፣ የከተማው ተወላጅ ፒተር ኮትስ ስቶክን መልሶ ሲገዛ የመጀመሪያ ሥራው ፑሊስን መጥራት ሆነ። የሸክላ ዕቃ ፋብሪካዎች ከተማ በሆነችው ስቶክ ብዙ ደጋፊ በዚህ ሹመት ደስተኛ አልነበረም። ሜይ 4 ቀን 2008 ቡድኑ ከሌስተር ሲቲ ጋር ያለ ግብ ሲለያይ ግን ስቶክ ከ23 ዓመት በኋላ ወደ ከፍተኛው ሊግ ተመለሰ፤ በዚያው ጨዋታ ሌስተር ደግሞ ወደ ሦስተኛው እርከን ወረደ።

በፕሪሚየር ሊጉ የመጀመሪያ ጨዋታ ስቶክ በቦልተን 3 ለ 1 ሲሸነፍ፣ አንድ የአየርላንድ አቋማሪ ድርጅት ገና በመጀመሪያው ሳምንት ‘ስቶክ ይወርዳል’ ብለው ለተወራረዱ ሰዎች ገንዘባቸውን ከፈለ። በሳምንቱ ስቶክ በሜዳው አስቶን ቪላን 3 ለ 2 አሸነፈ። በዓመቱ መጨረሻ በ45 ነጥብ 12ኛ ሆነ። ከዚያ በተከታታይ 11ኛ፣ 13ኛ፣ 14ኛና 13ኛ እየሆነ ጨረሰ። አንድ አዲስ አዳጊ ክለብ አምስት ዓመት ሙሉ የወራጅ ቀጠናውን ሳይጎበኝ የውድድር ዘመኑን ሲጨርስ ቀላል ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ከመሆን ግን እጅግ የራቀ ነው።

የስቶኩ ተጫዋች የሮሪ ዴላፕ የእጅ ውርወራ ያን ያህል አስፈሪ የነበረው ለምንድን ነው?

ነገሩን በሦስት ከፍሎ ማየት ይቻላል፤ ሕጉ፣ የኳሱ አበራርና ዝግጅቱ።

በእግር ኳስ ሕግ መሠረት ከእጅ ውርወራ በቀጥታ በሚቀበል ተጫዋች ላይ ከጨዋታ ውጪ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ አጥቂዎቹ ከግብ ጠባቂው አፍንጫ ሥር መቆም ይችላሉ፤ ተከላካዩም መስመሩን ወደ ፊት ገፍቶ ሊያመልጥ አይችልም። ዴላፕ በልጅነቱ ጦር ውርወራ ይወዳደር የነበረ ሰው ሲሆን፣ ኳሱን የሚወረውረው እንደ ሌሎቹ ከፍ አድርጎ ሳይሆን ዝቅ ባለና በፈጠነ መስመር ነበር። ከፍ ብሎ የሚመጣ ኳስ ለግብ ጠባቂው የመውጫ ጊዜ ይሰጠዋል፤ የዴላፕ ግን ከመስመር ዳር ተነሥቶ ግብ አፍ ላይ የሚደርሰው ማንም ሳያስብበት ነው። ሦስተኛው ዝግጅቱ ነው። በስቶክ ሜዳ በብሪታኒያ ስታዲየም ኳስ አቀባይ ልጆቹ ፎጣ ይዘው ይቆሙ ነበር፤ ዴላፕ ኳሱን በፎጣው ጠርጎ አድርቆ፣ ተቃራኒው ቡድን ቦታውን እየያዘ ሲጨነቅ፣ ሕዝቡም ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ይታያል።

ፍርሃቱ ምን ያህል እንደ ነበር ለማወቅ የኖቬምበር 2008ቱን የሃል ሲቲና የስቶክ ጨዋታ ማስታወስ ይበቃል። የሃል ግብ ጠባቂ ቦዓዝ ማይሂል ኳሱን ወደ ጎን መስመር ከማውጣት ይልቅ ሆን ብሎ ለማእዘን ምት ወደ ውጭ ሰደደው፤ ከዴላፕ እጅ የማእዘን ምት ይሻላል ብሎ ነው። በዚያው ጨዋታ ተቀያሪ ወንበር ላይ የነበረው ዲን ዊንዳስ ዴላፕ ሊወረውር ሲዘጋጅ ከፊቱ ሰውነቱን እያሟሟቀ በማወኩ ቢጫ ካርድ ተቀብሏል።

አንድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ዴላፕ በ2006 ከሰንደርላንድ በውሰት ወደ ስቶክ በመጣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ፣ ከዚያው ከሰንደርላንድ ጋር ሲጫወት እግሩ ተሰብሮ ነበር። ክለቡ ሊተወው ይችል ነበር፤ ፑሊስ ግን በቋሚነት አስፈረመው። ዓለም ያወቀው መሣሪያ የተገኘው እግሩ በተሰበረ ተጫዋች ላይ ከተጣለ እምነት ነው።

አርሰናልና ስቶክ ለምን ያን ያህል ተጋጩ?

አገራችን ውስጥ የአርሰናል ደጋፊ ብዙ በመሆኑ ይህ ጥያቄ ሳይነሣ አይቀርም። ኖቬምበር 1 ቀን 2008 ስቶክ አርሰናልን 2 ለ 1 ሲያሸንፍ ሪካርዶ ፉለርና ሴዪ ኦሎፊንጃና ያገቧቸው ሁለቱም ግቦች ከዴላፕ እጅ የተነሡ ነበሩ። በጃንዋሪ 2010 በኤፍ ኤ ካፕ ስቶክ እንደገና 3 ለ 1 ረታ። በሊጉም ፑሊስ በሜዳው ከአርሰናል ጋር ባደረጋቸው አምስት ጨዋታዎች የተሸነፈው አንዱን ብቻ ነው።

ያ አንዱ ጨዋታ ግን ከሁሉ የከፋው ሆነ። ፌብሩዋሪ 27 ቀን 2010 የስቶኩ ራያን ሾክሮስ ኳስ ለመንጠቅ ሲገባ የ19 ዓመቱ ዌልሳዊ አሮን ራምሲ እግር ተሰበረ። ሾክሮስ በቀይ ካርድ እያለቀሰ ወጣ። የአርሰናሉ አሰልጣኝ አርሰን ቬንገር የስቶክን አጨዋወት አጥብቆ ነቀፈ፤ በዚያው ዓመት መገባደጃም ከራግቢ ጋር አነጻጸረው። ፑሊስ በበኩሉ ተጫዋቹ ክፉ ሐሳብ እንዳልነበረው በመግለጽ ሳያወላውል ተከላከለለት።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ተገቢ ነው። በራምሲ ላይ የደረሰው ጉዳት ከባድና አሳዛኝ ነበር፤ ማንም በታክቲክ ስም ሊያቃልለው አይገባም። ቡድኑ በሙሉ ለመጉዳት የሚጫወት ነበር የሚለው ክስ ግን ከዚያ አንድ አደጋ ተነሥቶ የተለጠጠ ነው። ስቶክ አርሰናልን ያስቸገረው በጉልበት ብቻ ሳይሆን፣ አርሰናል በየዓመቱ ሊያርመው ያልቻለውን የአየር ኳስ ድክመት በትክክል ስላነበበ ነው።

ፑሊስ ዋንጫ አግኝቷል?

አላገኘም፤ በጣም የቀረበው በ2011 ነው። ስቶክ በኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ቦልተንን በዌምብሌይ 5 ለ 0 ረትቶ በታሪኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድሩ ፍጻሜ ደረሰ። በሜይ 14ቱ ፍጻሜ ያያ ቱሬ በ74ኛው ደቂቃ ባገባት ግብ በማንቸስተር ሲቲ 1 ለ 0 ተሸነፈ። በዚያ ውጤት መነሻ በ2011/12 ዩሮፓ ሊግ ገብቶ ሃይዱክ ስፕሊትንና ቱንን አልፎ፣ ከዲናሞ ኪየቭ፣ ከቤሺክታሽና ከማካቢ ቴል አቪቭ ጋር ከተደለደለበት ምድብ ሁለተኛ ሆኖ ወጣ፤ በመጨረሻም በቫሌንሲያ በሁለቱም ጨዋታዎች 1 ለ 0 ተረትቶ ተሰናበተ።

ታዲያ ስቶክን ለምን ለቀቀ?

በሜይ 2013 ከክለቡ ጋር ተለያየ። በመጨረሻው የውድድር ዘመን ስቶክ በ38 ጨዋታዎች ያገባው 34 ግብ ብቻ ሲሆን፣ ከገና በኋላ ያሳየው መንሸራተት ደጋፊውን ለሁለት ከፍሎት ነበር። በትንሽ ገንዘብ ብቻ ሠራ የሚለው አባባል ለዚህ ዘመን ልክ አይደለም፤ ፒተር ክራውችንና ኬንዊን ጆንስን የመሰሉ ውድ አጥቂዎች ተገዝተውለታል። የተሻለ ኳስ መጠየቅ የደጋፊዎቹ መብት ነበር ብዬ አምናለሁ። የተተካውም በሌላ ዌልሳዊ፣ በማንቸስተር ዩናይትድና በባርሴሎና በተጫወተው በማርክ ሂዩዝ ነው። ሂዩዝ ሦስት ዓመት በተከታታይ 9ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ስቶክ ግን በ2018 ወረደና እስካሁን አልተመለሰም።

የዓመቱ ምርጥ አሰልጣኝ የተባለው በምን ሥራው ነው?

በክሪስታል ፓላስ ነው። በኖቬምበር 2013 ሲሾም ቡድኑ በ12 ጨዋታዎች 7 ነጥብ ብቻ ይዞ ነበር። ፑሊስ መጀመሪያ የኋላ መስመሩን አጠበቀ፤ በጃንዋሪ ስኮት ዳንን፣ ዌልሳዊውን ጆ ሌድሊንና ሌሎችን አስፈረመ፤ እንደ ያኒክ ቦላሲ ያሉ ፈጣን የክንፍ ተጫዋቾችን ደግሞ ለመልሶ ማጥቃት ተጠቀመባቸው። ፓላስ ቼልሲን 1 ለ 0 ካሸነፈ በኋላ ካርዲፍን፣ አስቶን ቪላን፣ ኤቨርተንንና ዌስትሃምን በተከታታይ ረታ። በሜይ 5 ዋንጫ ለማንሣት የተቃረበው ሊቨርፑል 3 ለ 0 ሲመራ ቆይቶ፣ ፓላስ በመጨረሻዎቹ አሥራ አንድ ደቂቃዎች ሦስቱንም መልሶ አቻ ወጣ። ቡድኑ በ45 ነጥብ 11ኛ ሆነ። ‘ፑሊስ ረዥም ኳስ እንጂ ሌላ አያውቅም’ ለሚል ሰው ይህ ግማሽ ዓመት ጥሩ መልስ ነው፤ የእጅ ውርወራ ጀግና አልነበረውምና።

ከፓላስ ጋር ፍርድ ቤት የደረሱት በምን ምክንያት ነው?

ይህ የሙያ ሕይወቱ መጥፎ ገጽ ስለሆነ በግልጽ መነገር አለበት። ፑሊስ እስከ ኦገስት 31 ቀን 2014 ከቆየ የ2 ሚሊዮን ፓውንድ ጉርሻ የሚያገኝበት ውል ነበረው። ገንዘቡ ቀደም ብሎ እንዲከፈለው ጠይቆ ተከፈለው፤ በቀናት ውስጥ፣ የውድድር ዘመኑ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በኦገስት 14 ከክለቡ ጋር ተለያየ። ክለቡ ጉዳዩን ወደ ግልግል ዳኝነት ወስዶ ረታ። ፑሊስ ያቀረበው ይግባኝም በኖቬምበር 2016 በከፍተኛው ፍርድ ቤት ውድቅ ሆኖ 3.77 ሚሊዮን ፓውንድ እንዲከፍል የተሰጠው ውሳኔ ጸና። ዳኞቹ በመልቀቂያው ዕቅድ ላይ ክለቡን እንዳሳሳተ ደምድመዋል። የሜዳ ላይ ሥራው ታላቅነት ይህን አይሰርዘውም።

‘40 ነጥብ’ ከሚለው ነገር ጋር ስሙ የሚያያዘው ለምንድን ነው?

በፕሪሚየር ሊግ 40 ነጥብ ያገኘ ቡድን ላለመውረድ በቂ እንደሆነ በልምድ ይታሰባል፤ የፑሊስ ቡድኖችም እዚያ ሲደርሱ ይዝላሉ የሚል ትችት አለ። ትችቱ መሠረት የሌለው አይደለም። በጃንዋሪ 2015 በተረከበው ዌስት ብሮም ሦስት ዓመት ገደማ ሲቆይ፣ ከሁሉ የተሻለው ዓመቱ 10ኛ የሆነበት 2016/17 ነበር። ቡድኑ በፌብሩዋሪ ማብቂያ በ26 ጨዋታ 40 ነጥብ ቢይዝም፣ በቀሩት 12 ጨዋታዎች የጨመረው አምስት ነጥብ ብቻ ነው። ከነዚያ መካከል አርሰናልን 3 ለ 1 ያሸነፈበት ጨዋታ አለ፤ ተከላካዩ ክሬግ ዶውሰን ሁለት ጊዜ ከማእዘን ምት በጭንቅላት አገባ። ጋሬዝ ማኮሊ የተባለው ሌላው የመሐል ተከላካይ በዚያ ዓመት ስድስት የሊግ ግቦች አሉት። በኖቬምበር 2017 ውጤት ሲጠፋ ፑሊስ ተሰናበተ፤ ቡድኑም በዓመቱ መጨረሻ ወረደ።

እውነት በአሰልጣኝነት አንድም ጊዜ አልወረደም?

የውድድር ዘመኑን አብሮት ያጠናቀቀ አንድም ቡድኑ አልወረደም። መጨመር የሚገባው፣ ዌስት ብሮም በ2018 እና ሼፊልድ ዌንስዴይ በ2021 የወረዱት በዚያው የውድድር ዘመን መካከል ካሰናበቱት በኋላ መሆኑን ነው።

የዌልስ ብሔራዊ ቡድንን አሠልጥኗል?

አላሠለጠነም፤ በተጫዋችነትም ለዋናው ብሔራዊ ቡድን አልተሰለፈም።

የመጨረሻ ሥራዎቹ የት ነበሩ? አሁንስ?

ከዌስት ብሮም በኋላ በዲሴምበር 2017 ሚድልስብሮን ተረክቦ በቻምፒዮንሺፑ 5ኛ ቢያደርገውም በማሟያው ግማሽ ፍጻሜ በአስቶን ቪላ ተሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት 7ኛ ሆኖ ማሟያው በአንድ ነጥብ አመለጠው። በኖቬምበር 2020 ሼፊልድ ዌንስዴይ ቀጠረው፤ ከአሥር ጨዋታ አንዱን ብቻ አሸንፎ በዲሴምበር ማብቂያ ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ክለብ ይዞ አልታየም፤ ስለ አሰልጣኝነት ሥራ ለቢቢሲ ስፖርት ዓምድ ጽፏል።

አጨዋወቱ ዛሬ ጊዜው አልፎበታል?

ለተወሰነ ጊዜ ብዙ ሰው እንዲያ ያስብ ነበር። የኳስ ቁጥጥር ሊጉን ሲቆጣጠረው ረዥም ውርወራ እንደ ኋላ ቀር ነገር ተቆጠረ። ሆኖም በቅርብ ዓመታት ብሬንትፎርድ የእጅ ውርወራን ወደ ግብ አፍ መወርወር የሳምንታዊ ልምምዱ አካል አደረገው፤ ሌሎች ክለቦችም ተከተሉት። አርሰናል ራሱ ኒኮላ ዦቨር የተባለ የቆመ ኳስ አሰልጣኝ ቀጥሮ ከማእዘን ምት ግብ ማግባትን ዋና መሣሪያው አድርጎታል፤ ግብ ጠባቂውን የሚያጨናንቁት ተጫዋቾች አቋቋምም ስቶክን ለሚያስታውስ ዓይን እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ዛሬ ሥራው በቪዲዮና በመረጃ ባለሙያዎች የሚመራ መሆኑ ነው። ፑሊስ ከ20 ዓመት ገደማ በፊት ወደዚያው ድምዳሜ የደረሰው በኒውፖርት፣ በቦርንማውዝና በጊሊንግሃም ሜዳዎች ላይ ቆሞ ነበር።